የካራክተራችሁ ፊት ቅቤ የተቀባ ሲመስል፦ በስካይሪም የቆዳ ወዝ ማስተካከያ

ስካይሪም በሚባለው ጌም ላይ ጠይም ካራክተር የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፊቱን ስትቀርጹት ያምራል። ጌሙ ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ሲመታው ግን ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ አንገቱ ሁሉ ያበራል። አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ተደርጎለት፣ ቅቤው ቀልጦ እስከ አገጩ የወረደ ሙሽራ ይመስላል። ለሙሽራ ደግ ነው። በረዶ ላይ ከዘንዶ ጋር ለሚታገል ሰው ግን አይሆንም።

የተለመደው ምክር «ሌላ የቆዳ ሞድ አውርድ» ነው። ሞድ ማለት ተጫዋቾች ጌሙን ለመቀየር የሚሠሩት ተጨማሪ ፋይል ነው። ይሄ ምክር ለእኛ ሰፈር አይመችም። ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ሞጣ፣ ትልቅ የቆዳ ሞድ ማውረድ ዳታ መጨረስ ነው። ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቆረጠማ አበቃ። ወርዶ ቢያልቅም የሌላ ሰው ምርጫ ነው የሚደርሳችሁ። ብዙዎቹ ሞዶች ደግሞ ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ተሞክረው የወጡ ናቸው። የእናንተን ካራክተር አያውቁትም።

ወዙን የሚቆጣጠረው ፋይል ግን ቀድሞውኑ እጃችሁ ላይ ነው። ግራጫ ስዕል ነው፣ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ በነፃ ፕሮግራም ይስተካከላል። ብዙ ሰው ወዝ ሲበዛበት ኒፍስኮፕ ወደሚባለው ፕሮግራም ቀጥታ ሮጦ የሜሹን፣ ማለትም የቅርጹን ፋይል፣ ቁጥር ይነካካል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክረው። መጀመሪያ ስዕሉ፣ ቀጥሎ የግድ ከሆነ ሜሹ፣ የጌሙን ብርሃን የሚቀይረው ኢኤንቢ ደግሞ መጨረሻ። ምክንያቱን እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። መመሪያው ለኮምፒውተር ነው፣ በ2016 ለወጣው ስፔሻል ኤዲሽን። የ2011ዱን የመጀመሪያውን ስካይሪም የምትጫወቱ ደግሞ የሚለየውን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ። ፕሌይስቴሽን ቤት ለምትጫወቱ አዝናለሁ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሞድ ከውጭ የመጣ ስዕልም ሆነ ሜሽ መያዝ አይፈቀድለትም። ሁለተኛው፣ የፋይልና የፎልደር ስሞችን የምጽፈው እንደሚነበቡ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ፈልጓቸው።

ወዙ ከየት ይመጣል?

አንድ የካራክተር ቆዳ አንድ ስዕል ብቻ አይደለም። አራት ስዕሎች ተደራርበው ነው። ለሴት አካል የመጀመሪያው «ፊሜልቦዲ_1» ነው፤ እሱ ቀለሙ ነው። «_ኤምኤስኤን» የሚል ጭራ ያለው የቆዳውን ጉብታና ጎድጓዳ ለብርሃኑ የሚናገር ነው። «_ኤስኬ» የሚለው ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የሚሰጠውን ቀላ ያለ ለስላሳ ቀለም ይይዛል። አራተኛው «_ኤስ» ነው። የእኛ ፋይል እሱ ነው፤ ስፔኩላር ይባላል። ጥቁር የሆነ ቦታ አያበራም። ነጭ የሆነ ቦታ ሙሉ ያበራል። መሃሉ ግራጫ ነው።

ልብስና ጋሻ ላይ አሠራሩ ይለያል። እዚያ ወዙ የሚቀመጠው ራሱ የጉብታው ስዕል ውስጥ፣ አልፋ በሚባለው ድብቅ ንብርብር ነው። የጥሩር ሞድ ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ የዚያን ልምድ እዚህ አታምጡት። ቆዳ የራሱ የተለየ ፋይል አለው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ሰውነቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ራስ ለብቻው፣ አካል ለብቻው፣ እጅ ለብቻው። እግር ከአካሉ ስዕል ላይ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሴት ካራክተር ሦስት የ«_ኤስ» ፋይሎች አሉ፦ «ፊሜልሄድ_ኤስ»፣ «ፊሜልቦዲ_1_ኤስ» እና «ፊሜልሃንድስ_1_ኤስ»። ለወንድ «ፊሜል» የሚለውን በ«ሜል» ተኩት። ሦስቱን እኩል ካልነካችኋቸው አንገትና አንጓ ላይ መስመር ይወጣል።

ከስዕሉ በተጨማሪ ሜሹ ውስጥ፣ ማለትም ቅርጹን በያዘው የኒፍ ፋይል ውስጥ፣ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ስፔኩላር ስትሬንግዝ የወዙ ጉልበት ነው። ስፔኩላር ከለር የወዙ ቀለም ነው። ግሎሲነስ ደግሞ ወዙ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ይወስናል። ግሎሲነስ ከፍ ሲል ወዙ ጠብቦ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፣ እርጥብ ይመስላል። ዝቅ ሲል ይበተናል፣ ፊቱን በሙሉ እንደ ስስ ነጠላ ይሸፍነዋል።

ጠይም ቆዳ ላይ የሚያስቸግረው ይሄ መበተን ነው። ወዝ ከቀለሙ ላይ የሚደመር ብርሃን ነው። የቆዳው ብሩህነት 200 ከሆነና 30 ብትጨምሩበት 230 ይሆናል፤ ዓይን ብዙም አይለየውም። 60 ላይ ያንኑ 30 ብትጨምሩ 90 ነው፤ የግማሽ ጭማሪ ነው። ለዚህ ነው ነጣ ባለው የጌሙ ዘር ኖርድ ላይ ደህና የሚመስል ሞድ ጠቆር ባለው ሬድጋርድ ላይ አመድ የነፋበት የሚያስመስለው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሞዶችን የሚያደራጀው ሞድ ኦርጋናይዘር 2፣ ስዕል ማስተካከያው ፔይንት ዶት ኔት፣ ሜሽ መክፈቻው ኒፍስኮፕ እና ቢኤኢ የሚባለው የጌሙን የታሸጉ ፋይሎች መፍቻ። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ፔይንት ዶት ኔትን ከማይክሮሶፍት ስቶር ካወረዳችሁ ያስከፍላል፤ ከራሱ ድረ ገጽ ከሆነ አያስከፍልም። ጂምፕ የለመዳችሁ ካላችሁ፣ 2.10 ቢሲ7 በሚባለው መንገድ የተጨመቀ ስዕል አይከፍትም። ዛሬ ያሉት የስፔሻል ኤዲሽን ቆዳዎች ብዙዎቹ ቢሲ7 ናቸው። ስለዚህ ከፔይንት ዶት ኔት ጋር ቆዩ።

ፖሊ ግቢ ዶርም ውስጥ አራት ሆናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ አንዱ ያውርድና በፍላሽ ተቀባበሉ። አራቱም ፕሮግራሞች ትናንሽ ናቸው።

ትክክለኛውን ፋይል ማግኘት

ሰው ብዙ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፋይል ያስተካክላል፣ ጌሙን ይከፍታል፣ ምንም የለም። ደግሞ ያስተካክላል፣ አሁንም የለም። የነካው ፋይል ጌሙ የሚያነበው ፋይል ስላልሆነ ነው።

ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ በቀኝ በኩል «ዳታ» የሚለውን ትር ክፈቱ። «ቴክስቸርስ»፣ «አክተርስ»፣ «ካራክተር»፣ «ፊሜል» እያላችሁ ውረዱ። ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ከየትኛው ሞድ እንደመጣ ተጽፏል። የሚያሸንፈው እሱ ነው። ከዚያ ሞድ ፎልደር ሦስቱን የ«_ኤስ» ፋይሎች ኮፒ አድርጉ።

የቆዳ ሞድ ጨርሶ ካልጫናችሁ ፋይሎቹ የታሸጉ ናቸው። የጌሙ «ዳታ» ፎልደር ውስጥ «ስካይሪም - ቴክስቸርስ» ብለው የሚጀምሩ ማኅደሮች አሉ። በቢኤኢ ክፈቷቸውና በስም ፈልጉ። የምትፈልጉትን ብቻ አውጡ። ሁሉን እናውጣ ካላችሁ ዲስካችሁ ይሞላል።

አሁን ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ ባዶ ሞድ ፍጠሩ። በግራው ዝርዝር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ክሪኤት ኤምፕቲ ሞድ» በሉ። ስሙን በአማርኛ አትጻፉት። አንዳንድ የሞድ መሣሪያ ላቲን ያልሆነ ፊደል ያለበት ፎልደር ሲያገኝ ግራ ይጋባል። ውስጡ ያንኑ የፎልደር ቅደም ተከተል ሥሩለት፣ ፋይሎቹን አስገቡ፣ ሞዱን ከሌሎቹ የቆዳ ሞዶች ሁሉ በታች አውርዱት። ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ ታች ያለው ነው የሚያሸንፈው። አጠገቡ መብረቅ ከአረንጓዴ የመደመር ምልክት ጋር ካያችሁ ሠርቷል። የሌላውን ሰው ሞድ ራሱን አትንኩት። ቢበላሽ የእናንተን ሞድ ማጥፋት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

የጥቁሩ ሙከራ

ምንም ከማስተካከላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። «ፊሜልሄድ_ኤስ»ን በፔይንት ዶት ኔት ክፈቱና በሙሉ ጥቁር ቀቡት። ሴቭ አድርጉ፣ ጌሙን ክፈቱ፣ ፊቱን እዩ።

ፊቱ ደርቆ ወዝ አልባ ከሆነ እሰየው። ፋይሉ ትክክለኛው ነው፣ ችግሩም እሱ ላይ ነው። ፊቱ እንደበፊቱ ካበራ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጌሙ ሌላ ፋይል እያነበበ ነው፣ ወይ ብርሃኑ ከወዝ ሳይሆን ከሌላ ነገር ነው። የፊቱ ጠርዝ ብቻ፣ በጆሮና በመንጋጋ ዙሪያ ነጣ ብሎ የሚያበራ ከሆነ እሱ ሪም ላይት የሚባለው ነው፤ ሜሹ ላይ ነው የሚስተካከለው። ፊቱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ወደ ብርቱካናማ የሚቀላ ከሆነ «_ኤስኬ»ን ጠርጥሩ።

ሙከራው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ብዙ ድካም ያድናል።

ስዕሉን ማስተካከል

ጥቁር የተቀባውን ጣሉትና ዋናውን መልሱ። አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ጠቅላላውን ዝቅ ማድረግ ነው። ፔይንት ዶት ኔት ላይ «አጃስትመንትስ» ውስጥ «ሌቭልስ» የሚል አለ። ስትከፍቱት በአንድ ወገን ገቢው፣ በሌላው ወገን ውጤቱ አለ። የውጤቱ ላይኛ ቁጥር 255 ነው። 150 አድርጉት። ወዙ በየቦታው በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ለጠይም ቆዳ ከዚህ መጀመር ጥሩ ነው። በጣም ጥቁር ለሆነ ቆዳ 120 ሞክሩ። ይህንኑ ቁጥር ያለምንም ለውጥ ለአካሉና ለእጁም ስጡ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ነገ ትረሱታላችሁ።

ዜሮ አታድርጉት። ወዝን ጨርሶ ማጥፋት የሚወዱ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ጥቁር ቆዳ ላይ የፊቱን ቅርጽ የሚያወጣው ወዙ ነው። ነጣ ያለ ፊት ላይ ጥላው ራሱ አፍንጫና ጉንጭን ይለያል። ጥቁር ፊት ላይ ግን ጥላው ከቆዳው ጋር ይቀላቀላል፣ ፊቱን የሚሠራለት ያ ትንሽ ብርሃን ነው። እሱን ካጠፋችሁት የሚቀረው የጭቃ ምስል ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ወዙን በቦታው መመለስ ነው። የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ሰው ማየት ይበቃል። ቡና የምታፈላ ሴት ከሰሉ አጠገብ ስትቀመጥ ፊቷን አስተውሉ። የአፍንጫዋ ጫፍና ጀርባው ላይ ጠባብ መስመር አለ። የጉንጭ አጥንቷ ላይ ሰፋ ያለ፣ ለስለስ ያለ ብርሃን አለ። የታችኛው ከንፈር መሃል ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ያነሰ ነው። ግንባሩ ከቅንድብ በላይ መሃል ላይ እንጂ ዳር ዳሩ አያበራም። ጆሮ፣ ከዓይን ሥር ያለው ቆዳና የአገጭ ሥር ደረቅ ናቸው። ወንድ ከሆነና ጢም ካለው ጢሙ የበቀለበት ቦታ ከጉንጩ ያነሰ ወዝ አለው። አካል ላይ ትከሻና የአንገት አጥንት ላይ ጥቂት፣ ክርንና ጉልበት ላይ ምንም። መዳፍ ደረቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላይ አዲስ ሌየር፣ ማለትም ንብርብር፣ ጨምሩ። ጠርዙ የለሰለሰ ብሩሽ ያዙ፣ ነጭ ቀለም ምረጡ፣ ቀስ እያላችሁ እነዚያን ቦታዎች ብቻ ንኩ። በዝቷል ወይ አንሷል ብላችሁ አትጨነቁ፤ የሌየሩን ኦፓሲቲ፣ ማለትም ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ፣ ኋላ ላይ ከፍና ዝቅ ታደርጉታላችሁ። የጭንቅላቱ ስዕል ላይ ፊቱ ተዘርግቶ ነው የሚታየው፣ አፍንጫው የት እንደሆነ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ያኔ የቀለሙን ስዕል፣ «ፊሜልሄድ» የሚለውን፣ አምጡና እንደ ሌላ ሌየር ከላይ አድርጉት። ኦፓሲቲውን ዝቅ አድርጋችሁ እያያችሁ ቅቡ። መጠናቸው ካልተመሳሰለ አስተካክሉት። ሴቭ ስታደርጉ ግን ይህን ሌየር ማንሳት አትርሱ፤ አለበለዚያ ቅንድቡ ራሱ ሲያበራ ታገኙታላችሁ። ቀለም አትጨምሩበት። ስዕሉ ግራጫ ሆኖ ይቆይ።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል። የወዝ ስዕል እንደ ቀለሙ ዝርዝር አያስፈልገውም። በቢሲ7 የተጨመቀ 4096 በ4096 ስዕል ከትናንሽ ቅጂዎቹ ጋር 21 ሜጋባይት ገደማ ነው። 2048 ላይ 5 ሜጋባይት ከምናምን ይሆናል። 1024 ላይ 1 ሜጋባይት ከትንሽ ነው። የግራፊክስ ካርዳችሁ ሜሞሪ 2 ጊጋባይት ከሆነ የአካሉንና የእጁን ወዝ 1024 ላይ አውርዱት። ልዩነቱን በዓይን ማየት ይከብዳል፣ ላፕቶፑ ግን ያመሰግናችኋል። የፊቱን 2048 ላይ ተዉት።

ሴቭ ማድረግ

ሁለት ጊዜ ሴቭ አድርጉ። አንዴ በፔይንት ዶት ኔት በራሱ ፎርማት፣ ሌየሮቹ እንዳሉ። አንዴ ደግሞ በዲዲኤስ፣ ጌሙ ለሚያነበው። ዲዲኤስ ሲጨመቅ ጥራት ይቀንሳል። የተጨመቀውን እየከፈታችሁ ደጋግማችሁ ካስተካከላችሁት ስዕሉ ይሻክራል። ሁልጊዜ ሌየር ካለው ተነሱ። ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁማ በየመሃሉ ሴቭ በሉ። መብራት ሲሄድ አይነግራችሁም።

ዲዲኤሱን ስታወጡ ከምርጫዎቹ ቢሲ7 ሊኒየር የሚለውን ያዙ። ኤስአርጂቢ የሚለው ሌላ ነው፣ ተዉት። «ጄኔሬት ሚፕ ማፕስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ሚፕ ማፕ ካራክተሩ ሲርቅ የሚታዩት ትናንሽ ቅጂዎች ናቸው። ከሌሉ ከሩቅ ያለ ሰው ፊቱ እየተንቀጠቀጠ ብልጭ ድርግም ይላል።

በሦስት ብርሃን ማየት

አንድ ቦታ ላይ አይታችሁ «ቆንጆ ሆነ» አትበሉ። ጌሙን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ፣ ከዚያ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በኮንሶሉ፣ ሰዓቱን ቀይሩ። ከኤስኬፕ በታች ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ኮንሶሉ ይከፈታል። «ሴት ጌምአወር ቱ 12» ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ። ሰዓቱ የፈረንጅ ነው፣ እንዳያምታታችሁ። 12 ማለት ቀን 6 ሰዓት ነው። 18 ማለት ማታ 12 ሰዓት ነው። 7 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ነው።

ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአናት ናት፣ ግንባርና የአፍንጫ ጀርባ ይፈተናሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ጉንጭና አንገት ይታያሉ፤ የአንገት መስመር ካለ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ነው። ኋይትረን ከተማ ባነርድ ሜር የሚባለው መጠጥ ቤት ገብታችሁ መሃሉ ላይ ካለው እሳት አጠገብ ቁሙ። የእሳቱ ብርሃን ከታች ይመጣል፤ ያችን ከሰል አጠገብ ያየናትን ሴት አስታውሱ። ከንፈርና የጉንጭ አጥንት ላይ የሚያምር ትንሽ ብርሃን ካለ ደህና ነው። አገጩ ሥር ካበራ ግን ሌቭልሱን እንደገና ዝቅ አድርጉ።

ኮንሶሉ ላይ «ቲኤፍሲ 1» ብትሉ ጌሙ ይቆምና ካሜራው ነፃ ይሆናል። እየዞራችሁ ተመልከቱት። ያው ራሱ ትእዛዝ ይመልሰዋል።

ምን ያህል ወዝ ይበቃል የሚለው የእናንተ ምርጫ ነው። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ስካይሪም የብርድ አገር ነው። ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያ ሙቀት ሰው ላብ ጠብ ይለዋል፣ ፊቱ ያበራል፣ እውነት ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ያለ ገበሬ ግን ብርዱና ነፋሱ ቆዳውን ያደርቀዋል። ጌሙ ውስጥ ያለው አየር ወደ ጮቄ ነው የሚያደላው። ስለዚህ ከመብዛት ማነስ ይሻላል።

ሜሹን መንካት፣ የግድ ከሆነ

ስዕሉ ተስተካክሎም ወዙ ተበትኖ ግራጫ ነጠላ ከመሰለ ችግሩ ግሎሲነስ ነው። ያኔ ኒፍስኮፕ ይከፈታል። ስፔሻል ኤዲሽንን በደንብ የሚያነበው 2.0 ዴቭ 7 ነው።

ፋይሎቹ «ሜሽስ»፣ «አክተርስ»፣ «ካራክተር»፣ «ካራክተር አሴትስ» ውስጥ ናቸው። እዚህም ኮፒውን ወደ ራሳችሁ ሞድ አስገቡ። «ፊሜልቦዲ_0» እና «ፊሜልቦዲ_1» የሚሉ ሁለት ፋይሎች ታያላችሁ። አንዱ የቀጭን፣ ሌላው የወፍራም ሰው ቅርጽ ነው፤ ጌሙ ሁለቱን አቀላቅሎ ነው ክብደቱን የሚሠራው። ሁለቱንም እኩል ማስተካከል አለባችሁ። እጅም እግርም እንዲሁ ሁለት ሁለት ናቸው። ራስ አንድ ነው።

ፋይሉን ስትከፍቱ ገላውን ክሊክ አድርጉት። በግራ ካለው ዝርዝር «ቢኤስላይቲንግሼደርፕሮፐርቲ» የሚለውን ምረጡ። ከታች የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ ይመጣል። ከመንካታችሁ በፊት የነበረውን ቁጥር ጻፉት። ከዚያ ግሎሲነስን በትንሹ ከፍ፣ ስፔኩላር ስትሬንግዝን በሩብ ያህል ዝቅ አድርጉ። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ግሎሲነስ ከፍ ሲል ወዙ ይሰበሰባል፤ ጉልበቱን ካልቀነሳችሁት የተሰበሰበው ነጥብ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ስፔኩላር ከለር ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ ለጠይም ቆዳ ወደ ሞቃት ቢጫማ አዙሩት። ትንሽ ብቻ።

አሁን ስዕሉን ለምን እንዳስቀደምኩ ልንገራችሁ። የሜሹ ቁጥር የሚሠራው ለዚያ ሜሽ ብቻ ነው። እጅጌ የሌለው ልብስ ስታለብሱት ክንዱ የሚመጣው ከልብሱ ፋይል ነው። ብዙ ልብስ የራሱ የቆዳ ቁራጭ፣ የራሱም ቁጥር አለው። ገላውን አስተካክላችሁ ልብስ ስትቀይሩ ክንዱ እንደገና ያበራል። የ«_ኤስ» ስዕሉ ግን አንድ ነው፣ ልብሱም ገላውም የሚያነቡት እሱን ነው። አንዴ ነክታችሁ በሁሉም ቦታ ይሠራል።

የገላውን ቅርጽ መሥሪያ ቦዲስላይድን የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ገላውን እንደገና በሠራችሁት ቁጥር ፋይሉ በአዲስ ይተካል፣ ያስተካከላችሁት ቁጥር ይጠፋል። በዚያ መንገድ ከሄዳችሁ ማስተካከል ያለባችሁ ቦዲስላይድ የሚነሳበትን «ሼፕዳታ» ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ነው።

የሌሎች ካራክተሮች ፊት

የእናንተ ካራክተር ተስተካክሎ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያበራ ከሆነ አትገረሙ። በጌሙ ውስጥ ያሉ ሌሎች ካራክተሮች ራስ ቀድሞ የተሠራ ነው። «ፌስጄንዳታ» ውስጥ «ፌስጂኦም» በሚባል ፎልደር ለእያንዳንዱ የራሱ ኒፍ አለው። የወዙን ስዕል ግን ብዙዎቹ ከጋራው ፎልደር ነው የሚያነቡት። ስለዚህ የ«_ኤስ»ን ስዕል ስታስተካክሉ አብዛኛው ሰው አብሮ ይስተካከላል። የማይስተካከሉት የፊት ማሳመሪያ ሞድ የተጫነላቸው ናቸው። እነዚያ ሞዶች ብዙ ጊዜ ስዕሉን በራሳቸው ፎልደር ነው የሚይዙት። ኤስኤስኢኤዲት በሚባለው የሞድ ፋይል መመርመሪያ ላይ «ቴክስቸር ሴት» የሚለውን ስትከፍቱ «ቲኤክስ07» ከሚለው ጎን የወዙ ስዕል አድራሻ ይታያል። እዚያ ሄዳችሁ ያንኑ ማስተካከያ ስጡት።

ከወዝ ጋር የማይገናኝ ግን የሚምታታ አንድ ነገር አለ። የአንድ ሰው ፊት ብቻ ከአካሉ ተለይቶ ጠቁሮ ወይም ግራጫ ሆኖ ከታየ ወዙ አይደለም። የሁለት ሞዶች ፊት ተጋጭቶ ነው። ያ በስዕል አይፈታም፣ በሞድ ቅደም ተከተል ነው።

ኢኤንቢ ያላችሁ

ኢኤንቢ ብርሃኑን በሙሉ እንደገና ስለሚሠራው የቆዳ ወዝ ላይም እጁን ያስገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢኤንቢን አጥፉ፣ ስዕሉን አስተካክሉ፣ ከዚያ አብሩት። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ኢኤንቢ ስትቀይሩ ሁሉ እንደገና መጀመር ነው። ደከም ያለ ላፕቶፕ ላይ ከሆናችሁ ግን ኢኤንቢን ተዉት። ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ ወዙን ደግሞ ያለሱም አስተካክላችሁታል።

የ2011ዱን የምትጫወቱ

አሠራሩ አንድ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይለያል። ያ ስካይሪም በዳይሬክትኤክስ 9 ነው የሚሠራው፣ ቢሲ7 አይገባውም። ዲዲኤሱን ስታወጡ ዲኤክስቲ1 ምረጡ፤ ቢሲ1 ተብሎም ይጻፋል። ሁለተኛው፣ የስፔሻል ኤዲሽንን ሜሽ ወደዚህ አታምጡ። ውስጣዊ አሠራራቸው የተለያየ ስለሆነ ጌሙ ይዘጋል። ስዕል ግን መጭመቂያውን ቀይራችሁ ማምጣት ትችላላችሁ።

ለሌላ ሰው ስትሰጡ

የሠራችሁት ሞድ ትንሽ ስለሆነ በፍላሽም በቴሌግራምም ይሄዳል። ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ማውጣት ከፈለጋችሁ ግን ስዕሉ መነሻው የማን ሞድ እንደሆነ እዩና ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሞድ የሚወጣበት ድረ ገጽ ኔክሰስ ሞድስ ላይ ያለ ፈቃድ የወጣ ሥራ ይነሳል።

የምትሰጡት ሰው የትኛውን አካል እንደሚጠቀም ጠይቁት። ሲቢቢኢ እና ዩኤንፒ የሚባሉት የሴት አካሎች ስዕሉን የሚዘረጉበት መንገድ አይመሳሰልም። የሲቢቢኢን የወዝ ስዕል ዩኤንፒ ላይ ቢጭነው ትከሻ ላይ የቀባችሁት ብርሃን ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል። እንደዚያ ከሆነ የራሱን ሞድ «_ኤስ» ፋይል ከፍቶ እናንተ ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር ይጠቀም፤ የሌቭልሱ ቁጥር ለሁሉም አካል ይሠራል።